«የውሻ ቀናት» እና የኔ መቻል

ዛሬ ረጅም ነው የጻፍኩት፤ ጊዜ የሌለው ሴቭ ያድርገውና ማታ ነፋስ ሲመጣ ያንብበው። ድሬዳዋ ያላችሁ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ በዚህ ሰሞን እስከ 11 ሰዓት ድረስ ሰው ብቻ ሳይሆን ስልክም ይግላል።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ፊልም ላይ ‹ዶግ ዴይስ› ሲሉ ሰማሁ፤ የውሻ ቀን አለ እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የእንግሊዝኛ አስተማሪህን ጠይቅ ብዬ ልሸኘው ነበር፤ ግን የታሪክ አስተማሪ መሆን ክፉ አመል ነው፣ ጥያቄ ተከትሎኝ ቤት ይገባል። ማታ መፈለግ ጀመርኩ። ከውሻ ተነስቼ ኮከብ ላይ ደረስኩ፣ ከኮከብ ግብፅ፣ ከግብፅ ዞሬ የኛው ዓባይ ላይ፣ ከዚያ ሮም፣ ከዚያ ኒውዮርክ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስልኬን ዘግቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ታሪኩን።

በሌሊት ሰማይ ላይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ሲሪየስ ይባላል። ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ (ሦስቱ በሰልፍ የተደረደሩት ከዋክብት ያሉበት) በስተኋላው ተከትሎ የሚሄደው ነው። ይህ ኮከብ በዓመት ውስጥ 70 ቀን ያህል ከፀሐይ ጋር ስለሚውል ከግብፅ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይጠፋል። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሊቀድ ሲል፣ ፀሐይ ከመውጣቷ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በምሥራቅ በኩል ብልጭ ይላል። ይህ የሚሆነው በአውሮፓውያን በጋ መካከል ነበር።

የጥንት ግብፆች ኮከቡን ሶፕዴት ይሉት ነበር። ለነሱ አምላክ ናት፤ ሴት ናት፤ ደግሞም መልካም ወሬ ነጋሪ ናት። ለምን? ኮከቧ ብቅ ስትል የዓባይ ወንዝ ሙላት ይጀምራል። ደረቁ መሬት ውኃና ደለል ያገኛል። አዲሱ ዓመታቸውም የተያያዘው ከዚህ ጋር ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ያ ሙላት ከየት ነው የሚመጣው? ከኛ ነው! ጎጃምና ወሎ ላይ፣ ጎንደርና ሸዋ ላይ፣ ወለጋ ላይ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ነው በዓባይና በተከዜ በኩል ወርዶ ግብፅን ያጥለቀለቀው። ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውኃ ከ100 እጅ ከ80 በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ ነው። ግብፃዊው ሰማይ እያየ ኮከቧ አመጣችው ሲል፣ የጎጃም ገበሬ ካባውን ደርቦ ጭቃ እየረገጠ ነበር። በሌላ በኩል የኛም የዘመን አቆጣጠር የተወለደው ከዚያው ከግብፅ አቆጣጠር ነው፤ በእስክንድርያ በኩል አድርጎ ነው የመጣልን። 30 ቀን የሆኑ 12 ወሮች፣ ከዚያ ጳጉሜ የምንላት ትርፍ። እንቁጣጣሽ ስትሉ የዚያች ኮከብ ትዝታ ከሥሩ አለበት ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የነበረውን ብታዩ!

ታዲያ ይቺው ኮከብ ባሕር ተሻግራ ግሪክ ስትደርስ ምን ሆነች? ውሻ ሆነች። ግሪኮች ኦሪዮንን አዳኝ አድርገው ነበር የሚያዩት፤ ከኋላው የሚከተለው ደማቅ ኮከብ ደግሞ ውሻው ነው አሉ። ግሪክ አገር ሙላት የለም። ኮከቡ ጎህ ላይ ብቅ የሚለው ሣሩ በሚደርቅበት፣ ምንጩ በሚቀንስበት፣ ሰው በወባና በትኩሳት በሚወድቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለግብፆች በረከት የነበረው ለግሪኮች መዓት ሆነ። ስሙ ራሱ የሚያቃጥል፣ የሚያንጸባርቅ እንደ ማለት ነው። ሆሜር በኢሊያድ ውስጥ አኪሌስ ጦር ልብሱ እያበራ ወደ ትሮይ ሲሮጥ ያመሳሰለው ከዚህ ኮከብ ጋር ነው፤ ለሰው ልጅ ትኩሳት የሚያመጣ ክፉ ምልክት ነው ብሎ።

ሮማውያን ደግሞ ካኒኩላ አሉት፤ ትንሿ ውሻ ማለት ነው። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ከባድ የሙቀት ማዕበል ሲመጣ «ካኒኩል» ነው የሚሉት። በጣም የገረመኝ ግን ሩሲያኛው ነው። ሩሲያ የተማሩ ሰዎች ያውቁታል፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት «ካኒኩሊ» ነው የሚባለው። ከዚሁ ነው የመጣው! የሩሲያ ተማሪ ትምህርት ሲዘጋ «ትንንሽ ውሾች ደረሱ» እያለ ነው የሚጨፍረው፣ ሳያውቀው።

እስካሁን ያለው ደስ የሚል ተረት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ውሾቹ የከፈሉት ነው።

ሮማውያን ኮከቡ ውሻ ከሆነና ሙቀቱም ከሱ ከመጣ፣ ምድር ላይ ያለው ውሻም ከሱ ጋር ዝምድና አለው ብለው አሰቡ። ስለዚህ እህላቸው ሳይቃጠል እንዲደርስ፣ ኮከቡን ለማባበል፣ ቀያይ ውሾችን ይሠዉ ነበር። ሮም ውስጥ ይህ የሚደረግበት በር ስሙ ራሱ «የቡችላ በር» እንደ ማለት ነው። በሚያዝያም ሌላ በዓል ነበራቸው፣ እህልን ከዋግ ለማዳን ውሻ የሚታረድበት። ሙቀቱን ያመጣችው ፀሐይ፣ የሚታረደው ውሻ!

ትልቁ ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ ጸሐፊ (ቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ እ.ኤ.አ. በ79 የሞተው) በሚያስቀው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ የጻፈው አለ። «የሚያስቀው» ያልኩት ያለውንም የሌለውንም ስለሰበሰበበት ነው። ውሻ በዚህ ኮከብ 30 ቀናት ውስጥ ያብዳል፤ ስለዚህ በነዚያ ቀናት ምግቡ ውስጥ የዶሮ ኩስ ቀላቅላችሁ ስጡት ይላል። አስቡት፤ ውሻው የተጠማ ነው፣ ጥላ የሚፈልግ ነው፣ የሚሰጡት የዶሮ ኩስ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሁሉም እንዲህ አላሰበም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አካባቢ የኖረ ጌሚኖስ የሚባል ግሪካዊ የሥነ ከዋክብት ሰው፣ ኮከቡ ሙቀት አያመጣም፣ ሙቀቱ የፀሐይ ነው፣ ኮከቡ የወቅቱ ምልክት ብቻ ነው ብሎ በግልጽ ጽፏል። ምልክትና ምክንያት ይለያያሉ ማለቱ ነው። ከ2,000 ዓመት በፊት! ግን ማን ሰማው። አንድ ላይ የሚመጡ ነገሮችን አንዱ ሌላውን ወለደው ማለት የሰው ልጅ በሽታ ነው፤ ፈተና ላይም ይህንኑ ስትጽፉልኝ ነው የምውለው።

አሁን ዘለን 19ኛው ክፍለ ዘመን እንግባ፣ ኒውዮርክ።

የኒውዮርክ ሰው ኮከቡን ረስቷል፤ እምነቱን ግን አልረሳም። በጋ ሲመጣ ውሻ ያብዳል የሚለው ፍርሃት ከተማውን ይይዘዋል። ውሻ ሁሉ አፉ በማሰሪያ ካልታሰረ ይያዛል። የተያዘው ደግሞ ወደ ማጎሪያ ይገባል። በ1870ዎቹ ባለቤት ያልመጣላቸውን ውሾች ትልቅ የብረት ሳጥን ውስጥ አጉረው፣ በክሬን አንስተው፣ ኢስት ሪቨር ወንዝ ውስጥ ይነክሩት ነበር። ከተማው ይህን በሥርዓት፣ በሰዓት፣ በደመወዝ ነው የሚሠራው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሻ እንደኛ በቆዳው ሁሉ አያልበውም። የላብ ዕጢ ያለው በዋናነት መዳፉ ሥር ነው፤ ያ ደግሞ ኢምንት ነው። ሙቀቱን የሚያወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው፤ ምራቁ ሲተን ደሙ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ውሻ ያብዳል ብላችሁ በጠራራ ፀሐይ አፉን ጥርቅም አድርጋችሁ አስራችሁ አቆማችሁት ማለት፣ አንድ ሰው ልብስ ደርቦ እሳት ዳር እንዲቀመጥ እንደ መፍረድ ነው። ውሻው ይደናበራል፣ ይወድቃል፣ ምራቁ ይዝረበረባል። ያኔ ሰው «ይኸው! አበደ!» ይላል። ዱላ ይነሳል። ፍርሃቱ ራሱ ማስረጃውን ይፈጥራል።

በዚያች ከተማ ሄንሪ ቤርግ የሚባል ሰው ነበር። የሀብታም ልጅ ነው፤ ሊንከን ሩሲያ ለሚገኘው የአሜሪካ ሌጋሲዮን ልኮት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1866 የአሜሪካን የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ማኅበር አቋቋመ። (እንግሊዞች ቀድመው በ1824 አቋቁመዋል፤ እሱም ሐሳቡን ያየው እዚያ ነው።) ሰው ይስቅበት ነበር፤ ጋዜጦች ካርቱን ይሥሉበት ነበር። እሱ ግን መንገድ ላይ ቆሞ ጋሪ ያስቆማል፤ የደከመ ፈረስ ካየ ተሳፋሪውን ሁሉ ያስወርዳል። በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ ዩኒየን ስኩዌር በሚባለው አደባባይ የእንስሳት ውኃ መጠጫ አሠራ። ለተጎዱ ፈረሶች አምቡላንስም አስጀመረ፤ የቤልቪው ሆስፒታል የሰው አምቡላንስ ከመጀመሩ 2 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው! ስለ ውሻ እብደት የሚወራው ከበሽታው ይልቃል ብሎም ይከራከር ነበር። እሱ በ1888 ከሞተ በኋላ፣ በ1894 የከተማዋን የውሻ ነገር ራሱ ማኅበሩ ተረከበው፤ የብረት ሳጥኑም ታሪክ ሆነ።

ለንደንም እንዲሁ። በ1859 ለሰው ነጻ የመጠጥ ውኃ የሚያቆም ማኅበር ተመሠረተ፤ ብዙ ሳይቆይ ለከብትና ለፈረስ የድንጋይ ገንዳ መትከል ጀመረና በ1867 በስሙ ላይ «የከብት ገንዳ» የሚል ጨመረ። ገንዳዎቹ ከግራናይት የተጠረቡ ረጃጅም ናቸው፤ ከሥራቸው ዝቅ ብሎ ለውሻ የሚሆን ትንሽ ገንዳ ያላቸውም አሉ። እስከ ዛሬ ለንደን ውስጥ ቆመዋል፤ አሁን አበባ ይተክሉባቸዋል። ለንደን ያላችሁ ስታዩ ፎቶ ላኩልኝ።

ግን ገንዳም አምቡላንስም እያለ፣ ሙቀት የመጣ ጊዜ ከተማ ምን እንደሚሆን 1896 አሳየ። ነሐሴ ውስጥ ኒውዮርክ ላይ 10 ቀን ያህል የቆየ የሙቀት ማዕበል ወረደ። (1896 ስል ዓይናችሁ እንደበራ አውቃለሁ። አዎ፣ አድዋ ነው። አድዋ የካቲት ላይ፣ ይህ በዚያው ዓመት ክረምት።) ከ1,000 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኛው ድሃ ሠራተኛ፣ በተጨናነቁ ቤቶች የሚኖር። ሰው ጣሪያ ላይ ተኝቶ እየተንከባለለ የወደቀ ብዙ ነው። ያኔ የፖሊስ ኮሚሽነሮች ሰብሳቢ የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት (በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው) ለድሆች በረዶ በነጻ እንዲታደል አድርጓል። ፈረሶቹስ? ከተማዋ ከ100,000 በላይ ፈረስ ነበራት፤ ያ ሁሉ ጭነት፣ በረዶውም ጭምር፣ የሚጓዘው በፈረስ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈረሶች መንገድ ላይ ወደቁ፤ ሬሳቸውን የሚያነሳ ጠፍቶ በዚያ ሙቀት ለቀናት ተጋድሞ ቆየ። ለሰው በረዶ የጫነው ፈረስ ራሱ ጥም ይዞት ወደቀ።

በዚያ ዘመን አካባቢ ነው የፈረስ ባርኔጣ የመጣው። ከሣር የተሠራ፣ ለጆሮው ሁለት ቀዳዳ ያለው፤ ከውስጡ እርጥብ ስፖንጅ የሚደረግበትም አለ። በፈረንሳይ፣ በለንደን፣ በአሜሪካ ከተሞች የተነሱ ፎቶዎች አሉ። ለክፍሌ አሳየኋቸው፤ በጣም ሳቁ። ሲጨርሱ ግን አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ የኛ ሰፈር አህያ ይህን ቢያገኝ» አለች።

እኛስ? አገራችን ውስጥ ሙቀትና እንስሳን የሚያውቅ ሰው ድሮም ነበር። ከዘይላና ከጅቡቲ ወደ ሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ፣ የአፋር ጨው የሚጭነው ሁሉ፣ ሲነጋጋና ሲመሽ ነው የሚጓዘው፤ ቀትር ላይ ጭነት አውርዶ ያርፋል። መጽሐፍ አላስፈለገውም።

መጽሐፍ ያለው ግን ምን እንዳደረገ ልንገራችሁ። የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የናፒየር ጦር መቅደላ ድረስ መምጣቱን። ከባሕሩ ዳር ከዙላ ምን እንደሆነ ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። እ.ኤ.አ. በ1867 መጨረሻ እንግሊዞች ከግብፅ፣ ከቱርክ፣ ከስፔን፣ ከሌላም ቦታ የተገዙ በሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎች በመርከብ አራገፉ። ዙላ ላይ ውኃ የለም። የሚጠብቃቸውም ሰው በቂ አልነበረም። ሙቀቱ የከፋበት ወር እንኳን አልነበረም፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። በቅሎዎቹ ግን ገመዳቸውን በጥሰው በውኃ ጥም በባሕር ዳሩ ላይ እየተንከራተቱ አለቁ፤ ላይ ላዩን የፈረስ በሽታም ገባባቸው። በኋላ ነው መርከቦቹ የባሕር ውኃ እያፈሉ፣ እንፋሎቱን እያቀዘቀዙ፣ የሚጠጣ ውኃ ማቅረብ የቻሉት። 44 ዝሆን ከህንድ አምጥቶ መድፍ ማሸከም የቻለ መንግሥት ባልዲ ውኃ ቀድሞ ማሰብ አልቻለም። መቅደላን ስናስተምር ይህንንም ብንጨምር ጥሩ ነው፤ የቀጣዩ ትውልድ መሐንዲስና ነጋዴ ከዚህ ብዙ ይማራል።

አሁን ወደ እብደቱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 (እሱም በበጋቸው!) ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅን፣ ያበደ ውሻ የነከሰውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በክትባቱ አዳነ። የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ፣ በምራቅ የሚተላለፍ እንጂ ኮከብ ወይም ፀሐይ የሚያመጣው አለመሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው። ፀሐይ ውሻን ትገድለዋለች፤ አታሳብደውም። ውሻ ጤነኛ ሲሆን የሰውነቱ ሙቀት 38 እና 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። 41 ሲያልፍ ውስጡ መቀቀል ይጀምራል፤ አንጎሉም ይነካል። ያኔ ይንገዳገዳል፣ ግድግዳ ይገጫል፣ ያስመልሰዋል፣ ድዱ ይቀላል፣ ሰው አይለይም። ላላወቀ ሰው እብደት ይመስላል።

ይኸው ደረስኩበት፤ ያ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. መቻል የሚባል ውሻ ነበረኝ። ስሙን ያወጡለት እናቴ ናቸው። ግንቦት ላይ ነበር፣ የፈተና ሰሞን። ጠዋት ስወጣ በር ላይ አሰርኩት። በራችን ቆርቆሮ ነው፤ ጠዋት ጥላ አለው፣ ከ5 ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች። ውኃ ሰጥቼው ነበር፤ ሰንሰለቱ ጣሳውን እንደደፋው ያወቅሁት በኋላ ነው። እናቴ ሐረር ሄደው ነበር። ፈተና ተቆጣጥሬ፣ ወረቀት ሰብስቤ 8 ሰዓት ላይ ስመጣ መቻል ቆሟል፤ ግን እኔን አላወቀኝም። ምራቁ ተዝረብርቧል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ስፈታው ሁለት እርምጃ ሄዶ ግድግዳውን ገጨ። እጄን ስዘረጋ ጥርሱን አሳየኝ። ልጆች አዩና ጮኹ፤ «አብዷል! ጋሼ፣ የቲቸር ውሻ አብዷል!» ጎረቤታችን ጋሼ (ስማቸውን አልጠራም፣ ደግ ሰው ናቸው) አጠና ይዘው መጡ። ወደኔ አዩ። «ምን ትላለህ?» አሉኝ።

ምንም አላልኩም። ፊቴን አዞርኩ።

ማታ በጆንያ አድርገን ደቻቱ አሸዋ ውስጥ ቀበርነው። ለዓመታት ያበደ ውሻ ነበረኝ እያልኩ ሳወራ ኖሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። መቻል አልተከተበም ነበር፤ ጎረቤቶቼ ፈሩ ብዬ አልወቅስም፣ ልጆች ነበሩ። በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ትክክለኛው መልስ የሚገኘው አንጎሉ ላቦራቶሪ ሲመረመር ብቻ ነው። ግን ጠዋት ምግቡን በልቶ፣ ጅራቱን ቆልቶ የሸኘኝ ውሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በቀናት እየባሰ የሚሄድ እንጂ በ6 ሰዓት ውስጥ ጠዋት ጤነኛ፣ ቀትር ላይ ሟች የሚያደርግ አይደለም። ያን ሌሊት ስለ ኒውዮርክ ሳነብ፣ ያ የብረት ሳጥን የኔ ግቢ ውስጥ እንደነበር ነው የተሰማኝ።

ስለዚህ ያወቅሁትን ልንገራችሁ፣ በአጭሩ። ሙቀት የመታው ውሻ (ድመትም፣ በግም) ካጋጠማችሁ ወዲያው ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሰውነቱን ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፤ በእርጥብ ፎጣ አትጠቅልሉት፣ ፎጣው ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። አፉን ከፍታችሁ በግድ ውኃ አታንቆርቁሩበት፣ ራሱ ከፈለገ ይጠጣ። ከዚያ የእንስሳት ሐኪም ጋ። የነከሰው ሰው ካለ ግን አትከራከሩ፤ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ሙቀት ነው ብላችሁ ብትገምቱም ሂዱ። ውሻችሁንም አስከትቡ፤ የተከተበ ውሻ ሲንገዳገድ ጎረቤት ዱላ ሳይሆን ውኃ ይዞ ይመጣል።

ለፈረስም ያው ነው። በሞቀ ፈረስ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ጡንቻውን ያኮማትረዋል የሚል እምነት ፈረንጅ አገርም ለረጅም ጊዜ ነበረ። ለ1996ቱ የአትላንታ ኦሊምፒክ ሲዘጋጁ ተመራማሪዎች ፈትነው ጉዳት እንደሌለው፣ እንዲያውም እንደሚያድን አሳዩ፤ እዚያም ውኃ የሚረጩ ማራገቢያዎች ተተከሉ። ጋሪ ነጂ ወዳጆቼ ይህን አንብቡልኝ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ውሻ መኪና ውስጥ ትታችሁ «አምስት ደቂቃ ነው» አትበሉ። በ2005 የታተመ የዚያው አገር ጥናት የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ አብዛኛው ጭማሪ የሚሆነው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው፣ መስኮት ትንሽ መክፈትም ብዙም አይረዳም። ዱባይና ቤይሩት የአሠሪ ውሻ የምታንሸራሽሩ እህቶቼ፣ አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ እናንተን ካቃጠለ መዳፉንም ያቃጥለዋል። እናንተም በዚያ ሰዓት ባትወጡ ነው የሚሻለው፣ ይህን ለማዳም በውሻው አስታካችሁ ንገሯት፤ ለውሻዋ ስትል ትሰማችሁ ይሆናል።

ለዚያ ልጅ መልሱን ሰኞ ሰጠሁት። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ። የመቻልን ነገር ለክፍሉ አልተናገርኩም፤ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነው የተመለሰው። ለዚህ ነው እዚህ የጻፍኩት።

አሁን ቤታችን ኮከብ የምትባል ቡችላ አለች፤ ስሟን የሰጠናት ባለፈው ቅዳሜ ነው፣ ክትባቷንም ጨርሳለች። ከኒም ዛፏ ሥር ግማሽ ድረስ መሬት ውስጥ የቀበርኩት የሸክላ ገንቦ አለ፣ ማንም አይደፋውም፣ ውኃውም ይቀዘቅዛል። እናቴ ከበር ውጭም አንድ ባልዲ ያስቀምጣሉ፤ እንጨት ጭነው የሚያልፉ አህዮች ቆመው ይጠጣሉ። ሰንሰለቱን አልጣልኩትም። ማታ ማታ በሩን እንቆልፍበታለን።